እንስራ ገዝቼ ሁለት ወር ተጠቀምኩበት፤ እንዲህ ነው

መጀመሪያ ዋጋውን ልናገር፤ ያየው ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። 450 ብር። ገመዱ ለብቻው 80። በመሃል አንድ የተሰበረ አለ። እሱን ከቆጠርን ነገሩ ወደ 1,000 ብር ይጠጋል።

ዕቃው እንስራ ነው። አዎ፣ ያው የምታውቁት እንስራ፤ የሸክላ፣ ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ ሴቶች አዝለውት ከምንጭ ሲመለሱ በየካላንደሩ ላይ የምናየው። ሰው ስልክ ገዝቶ አስተያየት ይጽፋል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝቶ ይጽፋል፣ ስለ እንስራ የጻፈ ግን ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ እኔ ልጻፍ።

እንዴት እንስራ ገዢ እንደሆንኩ ባጭሩ። የኢንዱስትሪያል ዲዛይን ተማሪ ነኝ። ለኢንተርንሺፕ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ቢሮ ደረሰኝ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት። ሥራው ለአንድ ግቢ ቦኖ ዲዛይን ማድረግ ነበር፣ ሰው ተሰልፎ ውሃ የሚቀዳበት። ወረቀቱ ላይ «የአካባቢው የውሃ ቅርስ እንዲንጸባረቅበት» የሚል አለ። ማን እንደጻፈው አላውቅም። አለቃዬ ወረቀቱን ሰጠኝና «እንስራ ነገር ሣዪበት» አለኝ። በቃ። የጥናቱ ጠቅላላ ማብራሪያ ይቺው ናት።

ሣልኩ። ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም። ትልቅ የሲሚንቶ እንስራ፣ ከሆዱ ቧንቧ የወጣለት። በየከተማው አደባባይ ላይ የሲሚንቶ ጀበና አይታችኋል አይደል? የእሱ ታናሽ እህት በሏት። አለቃዬ ወደደው፣ እንዲያውም ለሌላ ሰው ጠርቶ አሳየልኝ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በሕይወቴ አንድም ቀን እንስራ ተሸክሜ አላውቅም። አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፣ እኛ ቤት ሮቶ ነው ያለው። ባዶው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን እንኳ የማላውቀውን ዕቃ ነው የሣልኩት።

ልግዛው አልኩ። በራሴ ብር፣ ምክንያቱም ቢሮው ለኢንተርን የመስክ አበል አይከፍልም። ትራንስፖርትም አልከፈለም። ይህን እዚህ ላይ ጽፌ ልለፈው።

የደብረ ብርሃን ገበያ ሸክላ አያጣም፤ ግን ያገኘሁት ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድ ነው። እንስራ ብዬ ስጠይቅ አንዷ ነጋዴ ሳቀችብኝ። «ማን ሊገዛኝ? ሰው ሁሉ ጀሪካን ይዞ» አለችኝ። ወደ አንኮበር ሂጂ ያለችኝም እሷው ናት።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዛሬዋ ከተማ ጎረቤላ ትባላለች። የነገሥታቱ አንኮበር እዚያው አጠገብ ተራራው ላይ ነበር፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ፣ በኋላም ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የኖሩበት። ከላይ ሆናችሁ ወደ ምሥራቅ ስትመለከቱ መሬቱ ድንገት ያልቅና ቆላው ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እዚህ አካባቢ በውሃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ተሠርቶ ነበር፤ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው አስቆሙት ይባላል። የቤተ መንግሥት ታሪክ ሲወራ ይቺ ነገር እንደ ቀልድ ነው የምትነሳው። እኔን አላሳቀችኝም። ወፍጮው ቆመ፣ ሴቶቹ ግን በእጃቸው መፍጨታቸውን ቀጠሉ። ውሃውንም በጀርባቸው ማምጣታቸውን።

ገበያው ላይ ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች ዳር ላይ ናቸው፣ ሁሌም ዳር ላይ ናቸው። እኔ ከአንዲት ትልቅ ሴትዮ ፊት ቆምኩ። ስማቸውን አልጽፍም፣ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። የሚሸጡትን የሚሠሩትም እሳቸው ናቸው። ሁለት ዓይነት እንስራ አላቸው። አንዱ በቀይና በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ አበባ የተሣለበት። ሌላው ጥቁርና ቡናማ፣ ምንም የሌለው፣ ጭስ የበላው። እኔ በርግጥ እጄን ወደ አበባው ላክሁ።

«ለጌጥ ነው ለውሃ?» አሉኝ።

«ለጥናት ነው እትዬ።»

«ጥናት ውሃ ይጠጣል?»

ምን እላለሁ? ለውሃ ነው አልኩ። ቀለም የተቀባውን ከእጄ ነጠቁኝ። ቀለም ከተቀባ አያልበውም፣ ካላላበው አያቀዘቅዝም አሉኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ በሦስት ስላይድ የተማርኩትን ነገር ሴትዮዋ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሸክላው በጣም ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት፣ ውሃው በእነሱ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ውጭው ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። ቀለም ቀብታችሁ ቀዳዳዎቹን ከደፈናችሁ በእጃችሁ ያለው ከባድ ጀሪካን ነው።

ከዚያ መምረጥ አስተማሩኝ። አንጠልጥለሽ በጣትሽ ቋ አድርጊው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ድብን ካለ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል። አራቱን ቋ ቋ አድርገን አንዱን መረጥን። 500 አሉኝ፣ 400 አልኩ፣ 450 ላይ ተገናኘን።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥፋቴ ይመጣል። ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ የለም ተባለና ረዳቱ እንስራውን ፖርቶ መጋላ ላይ አስሮ ጫነው። ከበግና ከጤፍ ጆንያ ጋር። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ያወረደልኝ ሦስት ቁራጭ ነው። «ሸክላ አይደል እንዴ» አለኝ፣ እኔ እንዳላውቅ። ሂሳብ ግን አልመለሰም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተመልሼ ሄድኩ። እትዬ ገና ሲያዩኝ ገባቸው። «ምን ላይ ጫንሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ልጅሽን ፖርቶ መጋላ ላይ ትጭኛለሽ? እንስራ ይታዘላል እንጂ አይጫንም» ብለው ተቆጡኝ፣ ተቆጥተው ሲያበቁ ሳቁ። ዋጋ አልቀነሱልኝም። ከሽያጭ በኋላ ያለው አገልግሎት ግን ዐሥር ከዐሥር፤ ገመድ ወደምትሸጠው ሴት ራሳቸው እጄን ይዘው ወሰዱኝ፣ እንዴት እንደሚጠመጠም፣ አንዱ ጫፍ በእጀታው ሲያልፍ ሌላው በደረት ላይ እንዴት እንደሚያዝ ባዶውን ሦስት ጊዜ አሳዘሉኝ። ገበያው ሁሉ ቆሞ ያያል። ሁለተኛው እንስራ ከጀርባዬ ሳይወርድ ደብረ ብርሃን ገባ። ረዳቱ ለእሱም የግማሽ ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ፣ እውነቱን ለመናገር የያዘውን ቦታ ሳየው ተገቢ ነው።

ስለ ገመዱ ለብቻው ልጻፍ። ያለ እሱ ዕቃው ግማሽ ነውና። የገዛሁት ከመንዝ የመጣ የጓሳ ገመድ ነው። ጓሳ መንዝ ውስጥ ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ላይ የሚበቅል ሳር ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። የዚያ አገር ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሜዳውን ቀሮ በሚሉት ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። አስቦና ጌራ የሚባሉት የሁለቱ አባቶች ዘሮች ተካፍለው፣ አለቃ መርጠው፣ ሳሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጉታል። ሳሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ይታጨዳል፣ እንደገና ይዘጋል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ቆይቶ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። ዛሬ ሰው ጓሳ የሚሄደው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ነው። እኔ ሳሩን ነው የማስበው። ያ ሳር ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ ነው ወደ ምንጮቹ የሚለቀው። እንግዲህ አስቡት፤ ውሃውን የሚያጠራቅመው ሳር፣ ውሃውን ለመሸከም ገመድ ሆኖ ጀርባዬ ላይ አለ። በዲዛይን ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ብናመጣ አስተማሪው «በጣም ተጨንቀሽበታል» ይለን ነበር። እዚህ ማንም አልተጨነቀበትም። የደረሰው ሳር እሱ ስለሆነ ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስ። አዲስ እንስራ በገዛችሁበት ቀን ውሃ አይጠጣበትም። ማሟሸት አለ። እትዬ ያሉኝን ብቻ ነው ያደረግኩት፣ በየቤቱ ይለያያል። ሦስት ቀን ውሃ ሞልቼ፣ በየማታው እየደፋሁ እንደገና ሞላሁት። የመጀመሪያው ቀን ውሃ አፈር አፈር ይላል። ሦስተኛው ቀን ይሻላል። ከዚያ አድርቄ በወይራ አጠንኩት፤ ከሰል ላይ የወይራ ፍልጥ አድርጌ አፉን ደፋሁበት። ያከራዩኝ ሴትዮ ሽታው ሲደርሳቸው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ይቆጡኛል ብዬ ሳስብ ዝም ብለው ቆዩና «የእናቴ ቤት ሽታ ነው» ብለው ሄዱ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ግን እስከዛሬ አልወደደችውም፣ ውሃው ጭስ ጭስ ይላል ትላለች። ልክ ናት፣ ይላል። እኔ ወድጄዋለሁ። እሷ ከጀሪካን ትጠጣለች፣ ተስማምተን እየኖርን ነው።

አሁን ፈተናው። የኔው እንስራ ባዶውን 6 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፣ 18 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ ሲሞላ 24 ኪሎ ተኩል። ቢጫው ጀሪካን 20 ሊትር ይይዝና ከነራሱ 21 ኪሎ ገደማ ነው። በዚህ በኩል ጀሪካን አሸነፈ፣ ክርክር የለውም። ቢወድቅ አይሰበርም፣ ሲደርቅ ቀላል ነው፣ አህያ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይጫናል፣ ልጅ ይዞት ይሮጣል። እንስራን ያስረሳው ይሄ ነው፣ ማንም ባህሉን ጠልቶ አይደለም። ይህን የምለው እንስራ ስናነሳ ወዲያው ለቅሶ ቢጤ ስለምንጀምር ነው። ለቅሶ የለም። 24 ኪሎ ተሸክማችሁ ዳገት ውጡና ከዚያ እናወራለን።

ማቀዝቀዙን ሁለት ቦታ ለካሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍሌ ውስጥ ቀን 19 ዲግሪ፣ ጀሪካኑ ውስጥ 18፣ እንስራው ውስጥ 14። ቁጥሩ ደስ ይላል፤ ግን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ጥርሴ የሚንቀጫቀጭበት አገር ቀዝቃዛ ውሃ ለማን ሊሆን ነው? ለደብረ ብርሃን ሰው ማቀዝቀዣ መሸጥ ማለት ነው።

ስለዚህ ወደ ሸዋ ሮቢት ይዤው ወረድኩ። (አዎ፣ አዝዬው። አይሳቅም።) መንገዱ ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ባስቆፈሩት ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፣ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሙቀት። ጣርማ በር ላይ ሾፌሩ ለሻይ ሲያቆም ወርጄ ቆምኩ። በዚህ ጥናት ውስጥ በጣም ያስደነገጠኝ ነገር ያለው እዚያ ሸንተረር ላይ ነው። ከሸንተረሩ በስተ ምዕራብ የወረደ ዝናብ በጅማ ወንዝ በኩል ዓባይ ይገባል፣ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወንዝም መንገዱ ይሄው ነው። በምሥራቅ በኩል የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር አያይም፣ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። አንድ ደመና፣ አንድ ጣሪያ፣ ሁለት ክዳን። ሻይ ቤቷ ሸንተረሩ አናት ላይ ስለሆነች አንዱ ክዳኗ ለዓባይ፣ ሌላው ለአዋሽ ነው የሚያፈሰው ብዬ ለአስተናጋጇ ነገርኳት። «ሁለቱም በኔ ባልዲ ነው የሚያልፈው» አለችኝ።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ጥላ ሥር 33 ዲግሪ ነበር። ጀሪካኑ 31። እንስራው 23። ስምንት ዲግሪ ልዩነት፣ ያለ መብራት፣ ያለ ምንም። ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ስታስቀምጡት ነው እንዲህ የሚሠራው፤ ጥግ ውስጥ ከተወሸቀ ወይም ዝናብ ዝናብ ካለው አይረባም። ያረፍኩባቸው ሰዎች መጀመሪያ ሲያሾፉብኝ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሁሉም ከኔ እንስራ ነው የጠጣው። ማታ ላይ ባዶ ነበር። አንደኛው አዛውንት ጽዋውን ሲያስቀምጡ «የፍሪጅ ውሃ ጥርስ ይሰብራል፣ ይሄ ጉሮሮ ያርሳል» አሉ። ማስታወቂያ ለመሥራት የሚፈልግ ሸክላ ሠሪ ካለ ዓረፍተ ነገሩን ይውሰድ።

አሁን ወደ ሸክሙ። ዋናው ነገር እዚህ ነው ያለው።

ሦስተኛ ጊዜ አንኮበር ስሄድ እትዬ ወደ ሰፈራቸው ምንጭ ወሰዱኝ። ጠዋት ነበር። ቀትር ላይ ምንጭ አይወረድም፣ ጋኔን አለበት ይባላል፤ ሳስበው ደግሞ በቀትር 24 ኪሎ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ያለ ጋኔንም ይታመማል። ምንጩ ላይ ምንም ዓይነት ጽሑፍ የለም፤ ግን ሁሉም ሰው የት እንደሚቆም ያውቃል። ከላይ፣ ውሃው ከድንጋዩ የሚወጣበት፣ ለመጠጥ ብቻ ነው። ከሥር የሞላው ለከብት። ከዚያም ዝቅ ብሎ ልብስ ይታጠባል። ከላይ እግሩን የነከረ ልጅ ነበር፣ የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ ሳይጠየቅ ሦስት ሴቶች በአንድ ጊዜ ጮኹበት። በከተማ ይህን ለማድረግ ሦስት ታፔላና አንድ ጥበቃ ያስፈልገናል።

ቀዳሁ፤ በቅል እየጨለፍኩ፣ ምክንያቱም ምንጩ ጥልቀት የለውም፣ እንስራው አይገባም። ይሄ ጊዜ ይፈጃል። ሞላ። አሁን ላንሳው ብል አይነሳም። ማለቴ፣ ከመሬት ማንሳት እችላለሁ፣ ጀርባዬ ላይ ማውጣት ግን አልችልም፤ ማንም ብቻውን አይችልም። ዞር ብዬ ሳይ አጠገቤ ያለችው ልጅ ቀድማ እጇን ዘርግታለች። «አሸክሚኝ በያ» አለችኝ፣ ተረብ ባለበት ድምፅ። ይህን ቃል ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። እዚያ ምንጭ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ሰው አሸክሞ፣ በሌላ ሰው ተሸክሞ ነው የሚሄደው። የመጨረሻዋ ሴትስ? ብቻዋን የመጣችውስ?

ለእሷ ድንጋይ አለላት።

ከምንጩ አጠገብ፣ ከመሬት ወገብ የሚያህል ከፍ ያለ፣ ላዩ የተላገ ድንጋይ አለ። መጀመሪያ መቀመጫ መስሎኝ ቦርሳዬን አስቀምጬበት ነበር። እንስራውን እዚያ ላይ ታወጪዋለሽ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽ ትጠጊዋለሽ፣ ገመዱን ትስቢያለሽ፣ ትነሺያለሽ። የድንጋዩ ላይ መሃሉ ጎድጎድ ብሏል። ስንት እንስራ ቢቀመጥበት እንደሆነ አስቡት። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት፤ 84 ሴንቲ ሜትር። እትዬ «ድንጋይ ትለካለች» ብለው ለሰው ሁሉ አወሩ።

ስመለስ አንድ ስህተት ሠራሁ፤ አፉን በቅጠል መወተፍ ረሳሁ። ዳገቱ ላይ በየርምጃው እየፈነጠቀ ወገቤ ድረስ ራስኩ። የቅጠሉ ጥቅም ውሃው እንዳይረጭ ነው፣ አቧራም እንዳይገባ። እኔ ፎቶ ላይ ሳየው ለውበት ይመስለኝ ነበር።

ጠበል ቤቶችንም አይቼ ነበር፣ ጻድቃኔ ማርያምና ሚንጃር ያለውን ሸንኮራ ዮሐንስን፤ የዚህ አገር የውሃ ቅርስ ሲባል ጠበል ከተዘለለ ግማሹ ተዘለለ። ባጭሩ፤ በበሩ ላይ የሚሸጠው ጀሪካን ነው፣ ትንሽ፣ ትልቅ፣ የመልአክ ሥዕል የተለጠፈበት። ሸክላ ይዞ የመጣ እኔን ብቻ ነው ያየሁት። አንድ አባት «ልጄ፣ ጀሪካን አጣሽ?» ብለው አዝነው ጠየቁኝ። ሰው ጠበሉን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ነው የሚሄደው፣ አውቶብስ ላይ ይተኛል፣ ይገለበጣል። እዚህ ላይ ፕላስቲኩ ትክክል ነው፣ ምንም የምጨምረው የለኝም።

ጉድለቶቹን ደግሞ ልናገር፣ የተደበቀ ነገር እንዳይኖር።

ሥሩ ክብ ነው፣ ብቻውን አይቆምም። ከአሮጌ ጨርቅ ክብ ማስቀመጫ ጠቅልዬ ሠራሁለት፣ ያኔም አብሮኝ የሚኖር ሰው ሲያልፍ ሰቀቀን ነው። ያልበዋል፣ ስለዚህ ወለሉ ይረጥባል፤ የእንጨት ወለል ያላችሁ ተጠንቀቁ። አፉ ጠባብ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ማንም ቆሻሻ ኩባያ አይነክርበትም፤ ግን እጅም አይገባም፣ ውስጡን ማጠብ ፈተና ነው። ግራዋ ቅጠልና ትንሽ ጠጠር ከውሃ ጋር ጨምራችሁ ታንገጫግጩታላችሁ። በሳምንት አንዴ አደርገዋለሁ፣ ክንዴ ጠንክሯል። ደግሞም፣ ይሄ ከሁሉም በላይ ነው፣ ሸክላ ውሃ ያቀዘቅዛል እንጂ ውሃ አያክምም። አንዳንድ ሰው እንስራ ውስጥ ከገባ ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። አይደለም። የምንጭ ውሃ ከሆነ አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ነው መጨመር ያለባችሁ። እኔ አንድ ጊዜ ሰነፍኩና ሦስት ቀን ሆዴን ታምሜ ሥራ ቀረሁ፣ ጥፋቱ የእንስራው አይደለም።

አንድ ያልጠበቅኩት ጥቅም አለው። የተከራየሁበት ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በመጣ ሌሊት ሁሉም ተነስቶ ይቀዳል፣ ቦኖው ላይ ደግሞ ባለቤት የሌለው ጀሪካን ወረፋ ይዞ ያድራል። ጀሪካን ብቻ ሲኖረን ለመጠጥም ለዕቃ ማጠቢያም ከአንዱ ነበር የምንቀዳው፣ ሦስተኛው ቀን ላይ የምንጠጣው ያልቅብናል። እንስራው ከመጣ በኋላ የመጠጥ ውሃ ቦታው ተለየ። ያን ውሃ ማንም ለሌላ ነገር አይነካውም፤ አብራኝ ያለችውም ልጅ ሳትቀር። ከላይ ለመጠጥ፣ ከሥር ለከብት፤ ከብት የለንም እንጂ ያው ነው።

ቢሮ ምን ሆነ የምትሉ ካላችሁ፤ ሥዕሌን ቀይሬ አቀረብኩ። የሲሚንቶውን እንስራ አወጣሁት። ከቧንቧው ፊት ለፊት 84 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ መደብ አደረግኩ፣ ጀርባ ሰጥቶ ለመሸከም እንዲመች፣ ጀሪካንም ቢሆን። የሚፈሰው ውሃ በትንሽ ቦይ ወርዶ ለከብት ገንዳ እንዲሞላ፣ የልብስ ማጠቢያውም ከዚያ በታች። ጥላ። ጽሑፍ የለውም። አለቃዬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየውና «ቅርሱ የታለ?» አለኝ። መደቡን አሳየሁት። «ይሄ እኮ ድንጋይ ነው» አለ። ስለ አሸክሚኝ ነገርኩት፣ ስለ ጎድጓዳው፣ ስለ እትዬ። ቆይቶ እናቱ ከመንዝ እንደሆኑ ነገረኝ፣ እሳቸውም እንዲህ ያለ ድንጋይ እንደነበራቸው። መደቡ ይቀመጥ አለ። የሲሚንቶውን እንስራም ግን አናቱ ላይ መልሶ አስቀመጠው። «ያለ እሱ ፎቶ ላይ አይታይም» አለ። ለኢንተርን ይሄም ድል ነው።

ትገዛላችሁ ወይ? ቆላ ከሆናችሁ፣ ወይም መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ካላችሁ፣ አዎ። ደጋ ላይ ለማቀዝቀዝ ብላችሁ አትግዙ። ለጌጥ ከሆነ የተቀባውን ግዙ፣ ያልተቀባውን ለሚጠጣበት ሰው ተዉለት፣ ሠሪዎቹ ብዙ አያመጡም። ገመዱን አትርሱ። ቋ አድርጋችሁ ስሙት።

ኢንተርንሺፑ ያለፈው ሳምንት አለቀ። እናቴ ደወለችና እንስራውን ይዘሽልኝ ነይ አለች፣ ሮቶው አጠገብ ልታስቀምጠው ነው። በአውቶብስ ዕቃ መጫኛ ብልከው ይሻላል ወይ ብዬ ስጠይቃት ስልኩ ላይ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች።

«አዝለሽው ነይ» አለችኝ።